ጉልበት የሌለው ጉልበቱን የት ያሳክም?

እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የኖረች ሴት ናት። ቆማ እንጀራ ጋግራ፣ ቆማ ጠላ ጠምቃ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ቆማ ወጥ ሠርታ ነው አራት ልጆች ያሳደገችው። ከጨርቆስ ቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድሮ ሰባት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አንዴ ሱቅ ደጃፍ፣ አንዴ ድንጋይ ላይ እያረፈች፣ አንዴ የኔን ትከሻ እየተደገፈች ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። በመቋሚያ ታስቀድስ የነበረችው ሴት ወንበር ይዛ መሄድ ጀመረች፤ ሰው እንዳያይባትም ትሸማቀቃለች። «ጉልበቴ ከዳኝ ልጄ» ትለኛለች፣ ባልንጀራዋ የከዳቻት ያህል እያዘነች።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም። በዚህች ከተማ እንደ እሷ የሚያነክሱ ብዙ እናቶች አሉ። ልጆቻቸውም እንደኔው «የት? በስንት?» እያሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከደላላ ደላላ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። እኔ ይህን ጥያቄ ይዤ በ2017 ዓ.ም. አራት ወር ሙሉ ዞሬያለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ላይ ያው እንደማንኛውም ቤት ወጌሻ ተጠራ፣ ቅባት ተቀባ፣ ጠበል ተኬደ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ወሰድናትና ጉልበቷ ውስጥ መርፌ ወጓት። ተአምር ነበር! ሁለት ወር እንደ ልጃገረድ ሄደች። ሁለተኛው መርፌ አንድ ወር አቆያት። ሦስተኛው ምንም አልፈየደም። ቆይቶ እንደተረዳሁት፣ ይህ መርፌ በተወጋ በሦስት ወር ውስጥ ጉልበት በብረት ከተተካ ኢንፌክሽን የመግባቱ ዕድል ስለሚጨምር ሐኪሞች ቀን ቆጥረው ነው የሚጠብቁት። የወጋን ክሊኒክ ታዲያ ይህን ትንፍሽ አላለም። ሒሳቡን ተቀብሎ ሸኘን።

ሁለተኛው የሄድንበት ቦታ ደግሞ «በካሜራ ገብተን እንጠበው» አለ። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል፣ የተበላሸው ይጠረጋል፣ በማግስቱ ቤቷ ትገባለች። ዋጋውም ከትልቁ ኦፕራሲዮን ሲነጻጸር የዋህ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ደግነቱ የአጎቴ ልጅ የሕክምና ተማሪ ናትና «አይሆንም!» አለችኝ። በአሜሪካ ሂዩስተን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ነገረችኝ። ጉልበታቸው በእርጅና የተበላ 180 ሰዎች በዕጣ ተከፋፍለው፣ ገሚሶቹ በካሜራ ጉልበታቸው ታጠበ፤ የቀሩት ቆዳቸው ብቻ ተቀድዶ ተሰፋ። ማን ምን እንደተደረገለት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የታጠቡት ቆዳቸው ብቻ ከተሰፋው አልተሻሉም! በ2013 ደግሞ ፊንላንዶች በጉልበት ውስጥ ያለው ትራስ በዕድሜ ሲቀደድ በካሜራ የሚደረገውን ቆረጣ እንዲሁ ፈትነው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እንግዲህ ይኸው ነገር በ2017 አዲስ አበባ ላይ ለአንዲት የጡረታ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት እንደ አዲስ ግኝት ይሸጣል። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ የማይረባ ሕክምና ከሁሉም ይበልጥ ውድ መሆኑን ያን ቀን ገባኝ።

ለእናቴ የቀረላት ጉልበቱን መተካት ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባጭሩ፦ ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት በአጥንት ላይ ሲፋጭ፣ የጭኑና የቅልጥሙ ጫፍ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተላግቶ፣ የጭኑ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ኮባልትና ክሮም በተቀላቀለበት ብረት ይሸፈናል፤ በመካከሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ሰው «ጉልበቱ ተቆረጠ» ሲል ያስደነግጣል እንጂ እግር አይቆረጥም። በደንብ ከተሠራ ይቆያል። በ2019 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት ከመቶ ሙሉ ለሙሉ ከተተኩ ጉልበቶች 82ቱ 25 ዓመት ያገለግላሉ ብሎ ገምቷል። 25 ዓመት! እናቴ ይህን ስትሰማ «ኧረ እኔ ያን ያህል አልቆይም፣ ግማሹን ዋጋ አስቀንሱልኝ» አለች።

ዋጋው ላይ ደረስን እንግዲህ።

እህቴ ያለችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መጀመሪያ «እኔ ጋ ትምጣ» አለች። ኢንሹራንስ የሌላት እንግዳ እዚያ ሀገር ጉልበት ለማስቀየር የምትጠየቀው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሆነ ስታጣራ ዝም አለች። ቀጥላ «ሕንድ ውሰዷት» አለች። በስልክ ያለችኝን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ወንድሜ ሙት! እማዬን አገር ቤት ቢላ እንዳታስነካብኝ!»

በመጋቢት ወር አንድ ደላላ ተገኘ። «ደላላ» ሲሏቸው ይቆጣሉ፤ «የሕክምና አማካሪ» ነው የሚባለው። ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሕንድ የመጣ ስመ ጥር ሐኪም በነፃ ያያል ተባለና እናቴን በራይድ ጭኜ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከዘራ የያዘው፣ በልጁ የተደገፈው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው። ሻይና ብስኩት አለ። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ ራጇን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፣ ጉልበቷን ሁለቴ አጠፈ፣ «ሁለቱም ይተካሉ፤ በአንድ ጊዜ። እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ትሮጫለሽ» አላት። ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ደላላችን ተርጓሚም፣ ጸሐፊም፣ አጽናኝም ሆኖ ጎኗ ቆሟል። ደም ግፊት አለባት ስለው «ችግር የለም» አለኝ። ሐኪሙ ሳይሆን እሱ!

ነገር ግን ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልመስክር። ማታውኑ በዋትሳፕ ፕሮፎርማው መጣ። ባለ አንድ ገጽ ነው። ለአንድ ጉልበት 5,800 ዶላር፤ ለሁለቱም 10,400፤ አራት ሌሊት አልጋ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ሰመመኑ፣ ብረቱ፣ መድኃኒቱ እያንዳንዱ ተዘርዝሯል። ብረቱን የሚሠራው ኩባንያ ስምም አለበት። የባንኮክና የኢስታንቡል ወረቀትም አስመጥተን ነበር፤ የባንኮኩ ከሕንዱ እጥፍ አለፈ፣ የቱርኩ በመካከል ገባ፤ ሁለቱንም ወዲያው ተውናቸው።

በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሆስፒታል በአንድ ማታ ዋጋውን ጽፎ ላከልኝ። ከቤቴ የአንድ ታክሲ መንገድ ያለ ሆስፒታልስ? «በስልክ ዋጋ አንናገርም፣ በአካል ይምጡ» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። በአካል ሄድኩ። «ካርድ ያውጡ» ተባልኩ። ካርድ አወጣሁ። «ሐኪሙ ነው የሚያውቀው» ተባልኩ። ሐኪሙን አገኘሁ። «ሒሳብ ክፍል ነው የሚያውቀው» አለኝ። ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። «እንደ ሁኔታው ነው።» ወይ ነዶ! ሁለተኛው ሆስፒታል ትንሽ ይሻላል፤ «ከ400 ሺህ እስከ 700 ሺህ ይሆናል» አለኝ። እናንተዬ፣ በዚህ ልዩነት መካከል እኮ ያገለገለ ባጃጅ ይገዛል!

ሕንዶቹ ለምን ዘርዝረው ይጽፋሉ? ከኛ የተሻለ ሕሊና ስላላቸው ይመስላችኋል? አይደለም። መንግሥታቸው ስላስገደዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የሕንድ የመድኃኒት ዋጋ ባለሥልጣን ለጉልበት መተኪያ ብረቶች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። በብዛት የሚገባው የኮባልት ክሮም ብረት በአማካይ 158 ሺህ ሩፒ ገደማ ይሸጥ የነበረው ከታክስ በፊት 54,720 ሩፒ እንዲሆን በአንድ ማስታወቂያ ታዘዘ። ሆስፒታሎችም በደረሰኝ ላይ የብረቱን ዋጋ፣ የአምራቹን ስምና የምርት ቁጥሩን ለብቻው እንዲጽፉ ታዘዙ። ሲመረመር እኮ በአስመጪው፣ በአከፋፋዩና በሆስፒታሉ መካከል ዋጋው እጥፍ ድርብ ሲያብጥ ተገኝቶ ነው። እንግዲህ ሕንድም ድሃ የሞላባት ሀገር ናት። ቢሮክራሲዋም ከኛ አይተናነስም ይባላል። ግን አደረገችው።

እኛ ጋ ብረቱ የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። እኛ ፕሮፎርማ ስንቆጥር 130 ገደማ ደርሶ ነበር። ያ 5,800 ዶላር በድሮው ምንዛሪ 330 ሺህ ብር ነበር፤ በአዲሱ 754 ሺህ። የእናቴ ጉልበት ግን ያው ነው፤ አልተሻሻለም፣ አልጨመረም። «ማስተካከያው ድሃውን አይጎዳም» ያሉን ሰዎች ጉልበት የማያማቸው መሆን አለባቸው።

ደግሞ 5,800ው ብቻውን አይሄድም። ወረቀቱን ይዤ ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብለን ደመርን። ለሁለት ሰው ቲኬት፣ እሷን ብቻዋን አንልክም፣ 1,500። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ለ20 ቀን 700። ምግብና ታክሲ 500። ፊዚዮቴራፒና ተጨማሪ መድኃኒት 400። ቪዛና ጥቃቅን 200። ድምሩ 9,100 ዶላር፤ በብር 1,183,000! ባንክ ስንሄድ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ፣ የሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ሌላ ማኅተም። ይህም ሁሉ ለአንድ ጉልበት ነው።

ከገንዘቡም በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። እናቴ ሕንድ ሄዳ፣ ጉልበቷ ተተክቶ፣ በሃያኛው ቀን አውሮፕላን ውስጥ የስድስት ሰባት ሰዓት መንገድ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ስትመጣ፣ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ቢረጋስ? ከእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ በጣም የሚፈራው አንዱ እሱ ነው። ወይም በሁለተኛው ወር ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያየዋል? ደላላውን ይህንኑ ጠየቅኩት። «ቪዲዮ ኮል አለ» አለኝ። በቪዲዮ ኮል መግል ይጠረጋል እንዴ?

የመንግሥት ሆስፒታልም ሄደናል፤ አልዘለልነውም። ወረፋው ረጅም ነው፤ ቁርጥ ያለ ቀን አይሰጥም፤ ብረቱንም «እናንተ ገዝታችሁ አምጡ» ነው። ያየን ሐኪም ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የሰጠን እሱ ነበር። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ያለቀ ሰው ነው። «እማማ፣ እኔ እጄ አለ፤ ዕቃ የለኝም» አላት። በዚያው ዓመት በግንቦት የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን መልስ እንደተሰጣቸው ታስታውሳላችሁ። የታሰሩም ነበሩ። ያ ሐኪም ከነሱ አንዱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሸሚዙን ግን አልረሳውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። አማርኛችን ጉልበት የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር መስጠቱ ያለ ነገር አይመስለኝም። ጉልበት ያለው ጉልበቱን ሲያመው የት እንደሚታከም ሁላችንም እናውቃለን። ኢሕአዴግ «በጤናው ዘርፍ የተመዘገበውን ዕድገት» ሲነግረን ከርሞ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ያረፉት ብራስልስ ነው። ነፍስ ይማር፤ ታመው ውጭ በመሄዳቸው አልወቅሳቸውም፣ ማንም ለነፍሱ የተሻለውን ይፈልጋል። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ አንድ ባለሥልጣን በሚታከምበት ሀገር ልክ እኛን የሚያሳክመን ቦታ ለመሥራት ምን ያስቸኩለዋል? የሠራተኛው ማኅበራዊ የጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከወጣ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ደመወዝ ተቆርጦበት አብሮ ቢታከም ኖሮ፣ ከሆስፒታሎቹ ጋር ዋጋ የሚደራደረው ካርድ አውጥቶ የሚለምነው የኔ ቢጤ ሳይሆን ጠንካራ ተቋም ይሆን ነበር። ለአንድ በሽተኛ ዋጋ የማይናገር ሆስፒታል ለመቶ ሺህ በሽተኛ ዋጋ ይናገራል፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ።

ወደ ጉልበቱ ልመለስ።

ሦስተኛው የግል ሆስፒታል ውስጥ አንድ የአጥንት ሐኪም አገኘን። ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ንግግሩ ቆጠብ ያለ ነው። የያዝነውን ራጅ አየና «ይህ ተኝተው የተነሡት ነው፤ ቆመው ይነሡልኝ» አላት። ለካ ተኝቶ የተነሣ ራጅ ጉልበቱን ያሳምረዋል! ቆማ ስትነሣ በግራ ጉልበቷ ውስጥ ክፍተት የሚባል ነገር ጠፋ፤ አጥንቱ አጥንት ላይ ተቀምጧል። የቀኙ ግን ገና ነው። «ሁለቱን በአንድ ጊዜ አልነካም» አለ። «በዚህ ዕድሜና በዚህ ደም ግፊት ለልብም ለሳንባም ይከብዳል። የግራውን እንሥራ፤ የቀኙን ስፖርት እያሠራን እናቆየው።» ደላላው የሁለተኛውን ጉልበት በቅናሽ ሲያቀርብልን ይህን የነገረን አልነበረም።

ከዚያ እናቴ የልቧን ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ስግደት እችላለሁ?»

ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው እኔን ያሳመነኝ።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም። በደንብ ይሄዳሉ፣ ሕመሙም በጣም ይቀንሳል። መንበርከክ ግን ብዙ ሰው ያመዋል፤ ቁጢጥ ማለትም አይመከርም። ስግደቱን ይርሱት።»

«ግንባሬን መሬት ሳላስነካ?»

«ቆመው ይጸልዩ፤ አሁን እኮ መቆምም አልቻሉም።»

ስንወጣ አኩርፋ ነበር። ታክሲ ውስጥ አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ ግን «ያኛው እሮጣለሁ አለኝ፤ ይኼኛው አትሰግጂም አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሩጫ ለምኔ ነው? የማያባብለኝ ይሻለኛል» አለች። እኔ አራት ወር ሙሉ በካልኩሌተር የፈለግኩትን እናቴ በአንድ ጥያቄ አገኘችው።

እኔ ደግሞ የራሴን ጥያቄዎች ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። በዓመት ስንት ጉልበት ትተካለህ? (ብዙ የሚሠራ ሐኪም የሚያጋጥመው ችግር አነስተኛ መሆኑ በብዙ ሀገር ጥናት ታይቷል፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ልብስ ሰፊም እንጠይቃለን።) ከሠራሃቸው ስንቱ አመረቀዘ? የብረቱ ኩባንያ ማን ነው? የሳጥኑ ስቲከር ካርዷ ላይ ይለጠፋል ወይ? ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ሌላው ሐኪም ውስጧ ያለውን የሚያውቀው በዚያ ስቲከር ነው። ማታ በሁለተኛው ቀን ብትታመም የማን ስልክ ነው የምደውለው? ሐኪሙ አልተቆጣም። ቁጥሩን ነገረኝ፤ ያመረቀዙበት ሁለት በሽተኞች እንደነበሩና አንዷን ድጋሚ እንደከፈታት ሳይቀር ነገረኝ። ስልኩን ሰጠኝ። ዋጋውንም በገዛ እጁ ከመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ፦ 520,000 ብር፣ ብረቱን፣ ሰመመኑንና አራት ሌሊት አልጋን ጨምሮ።

ለእህቴ ስነግራት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። «ለሕንድ ግማሹን እሰጣለሁ፤ ለዚህ ግን አንድ ሳንቲም የለኝም» ብላ ሦስት ሳምንት አኮረፈች። ወንድሜ ቪትዝ መኪናውን ሸጠ። እኔ የእቁብ ዕጣዬን ለምኜ አስቀደምኩ። በመጨረሻ እህቴም ላከች፤ ገንዘቡን ስትልክ ግን አንድም ቃል አልጻፈችበትም። እሷን አልፈርድባትም። ሀገር ጥለው የሄዱ ልጆች የተዉትን ሀገር የሚያስታውሱት በተዉበት ቀን መልክ ነው፤ እኛም እዚህ ያለነው የሰጠናት ማስረጃ አልነበረንም። የትኛው ሆስፒታል ስንት ሠራ፣ ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ አመረቀዘ የሚል የታተመ ወረቀት ቢኖር አንብቤላት ክርክሩ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር። የነበረኝ የአንድ ሐኪም ዝምታና የእናቴ ልብ ብቻ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ድምፅ ነበር።

ሰኔ ላይ ተሠራች። በማግስቱ አቆሟት። ጮኸች፣ ሰደበችን፣ ሐኪሙንም ሰደበችው፤ ግን ቆመች። በአምስተኛው ቀን ቤት ገባን። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁምና እኔ ልንገራችሁ፦ ኦፕራሲዮኑ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ፊዚዮቴራፒው ነው። ጉልበቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግድ ካልታጠፈና ካልተዘረጋ እንደ ዛፍ ይደርቃል። ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንት እየመጣ አሠራት፤ 18 ጊዜ በ1,200 ብር፣ 21,600። መጸዳጃ ቤታችን ደግሞ የቁጢጥ ነው፤ የግቢውን ሰው ለምነን የመቀመጫ አስገባን፤ 34,400። ይህ በየትኛው ፕሮፎርማ ላይ ተጽፎ ያውቃል? የቦሌው ሆቴል ሐኪም እናቴ ሽንት ቤት እንዴት እንደምትቀመጥ አልጠየቃትም። የኛውም ሐኪም ቢሆን አልጠየቀም፤ ያሰበችው የአጎቴ ልጅ ናት።

አሁን በ2018 ሆነን ስንጽፍ እናቴ ያለ ትከሻዬ ትሄዳለች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አሥር ደቂቃ። ዳገቱ ላይ አንዴ ታርፋለች፤ የሚያሳርፋት ያልተሠራው ቀኝ ጉልበቷ ነው። ቡናዋን ከበርጩማ ወርዳ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና ታፈላለች፤ ይህ ውርደት ነው እያለች ታጉረመርማለች። መቋሚያዋ ተመልሷል። ስግደት ሲደርስ ሁሉም ሲወርድ እሷ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች፤ አንገቷን ግን ዝቅ ታደርጋለች።

ስለ መጨረሻው ሒሳብ ሳልናገር አልጨርስም። የተጻፈልን 520,000 ነበር። የወጣነው በ584,000 ነው። አንድ ተጨማሪ ሌሊት 9,000፤ ይሁን፣ ግፊቷ ከፍ ብሎ ነው። ተጨማሪ መድኃኒት 13,700፤ ይሁን፣ ዋጥናት። የቀረው 41,300 ብር ፊት ለፊቱ የተጻፈው «ልዩ ልዩ» ይላል። ልዩ ልዩ! ገንዘብ ተቀባይዋን በትሕትና ጠየቅኳት፦ «እህቴ፣ ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው?» ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

«እኔ አላውቅም፤ ሲስተሙ ነው ያወጣው» አለችኝ።

ከፈልኩ። እናቴ ውጭ በር ላይ፣ በራሷ እግር ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ደብዳቤዬ የገቢ ቁጥር ተሰጥቶታል። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።